«ሌላስ ምን ይወስዳሉ?» ብላ የምትጠይቅ የደሴ ፋርማሲ

ፋርማሲን በምን ትመዝናላችሁ? ብዙ ሰው በሁለት ነገር ይመዝናል። መድኃኒቱ አላቸው ወይ? ዋጋውስ ስንት ነው? እኔ አንድ ጨምሬበታለሁ። ፌስታሉን ከማስጨበጣቸው በፊት ምን ይጠይቁኛል? በዚህ መለኪያ ደሴ ውስጥ የሚስተካከላት ያላገኘሁላት አንዲት ፋርማሲ አለች። ፒያሳ አካባቢ ናት። ባለቤቱን ስላላስፈቀድኩ ስሟን አልጽፍም። የደሴ ሰው ግን ይህን አንብቦ የትኛዋ እንደሆነች ማወቁ አይቀርም።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። የሚኒባስ ሹፌር ነኝ። መስመሬ ደሴ ኮምቦልቻ ነው፤ ኑሮዬ የሐረጎን ዳገት መውጣትና መውረድ ነው ማለት ይቻላል። ሃምሳን ተሻግሬአለሁ። ግፊት ካለብኝ ቆይቷል። አምሎዲፒን 5 ሚሊ ግራምና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ 25 ሚሊ ግራም በየቀኑ እወስዳለሁ። ሁለተኛውን እኛ ቤት «የሽንቱ ኪኒን» ነው የምንለው። ሙሉ ስሙን የሚጠራ ካለ ይሸለም።

ኋላ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ እንቅልፌ ልክ አልነበረም። ቆይቶ ምግቡም፣ ሥራውም፣ ሰውም አስጠላኝ። መናኸሪያ ተራ ስጠብቅ ከሹፌሮቹ ጋር መሳቅ ተውኩ። ወሎዬ ሆኖ ጨዋታ የጠላ ሰው ካልታመመ ማን ሊታመም ነው? ጎትታ ሐኪም ዘንድ የወሰደችኝ ባለቤቴ ናት። የአእምሮ ሐኪሙ ረጋ ብሎ ካናገረኝ በኋላ ድብርት ነው አለኝ። ፍሉኦክሰቲን 20 ሚሊ ግራም፣ በቀን አንድ፣ ጠዋት ጠዋት ብሎ ጻፈልኝ።

እንግዲህ ነገሩን እዩት። የግፊቴ ሐኪም ሌላ ነው። ካርዱም ሌላ፣ ቀጠሮውም ሌላ። አንዱ የጻፈውን ሌላው አያየውም። ሁለቱም ጎበዞች ናቸው፤ ግን ተገናኝተው አያውቁም። የሚገናኙት እኔ ሆድ ውስጥ ነው። ሦስቱ ኪኒኖች አንድ ላይ ሲዋጡ ምን እንደሚያደርጉ አይቶ የሚናገር ሰው ካለ፣ መድኃኒቱን የሚያቀብለው ሰው ነው። ለዚህ ነው ፋርማሲ መርጦ መሄድ ዋጋ ያለው።

ማዘዣውን ይዤ መጀመሪያ የገባሁት ሌላ ቤት ነበር። ልጁ ወረቀቱን አየት አደረገና «አለ» ብሎ ዋጋውን ነገረኝ። በቃ፣ ሌላ ቃል የለም። ዋጋው ስላልጣመኝ ወጣሁ። ፒያሳዋ ጋ ስደርስ ሰልፍ ነበር። ተራዬ ሲደርስ ነጭ ጋውን የለበሰች ወጣት ማዘዣውን ተቀበለችኝ። አነበበችው። ወደ መደርደሪያው አልሄደችም። ቀና ብላ «ጋሼ፣ ሌላስ ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» አለችኝ።

«የግፊት» አልኳት።

«የግፊት የትኛውን?»

እሽጎቹን ከደረት ኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። አገላብጣ አየቻቸው። ከዚያ ጥያቄው ቀጠለ። ሥራዎ ምንድን ነው? ሹፌር ነኝ ስላት ወዲያው «እንግዲያው ወገብዎን ያምዎታል፤ ለሱስ ምን ይወስዳሉ?» አለች። ዲክሎፌናክ አልኳት። ለግፊት ብለው ነጭ ሽንኩርት ወይ ሽፈራው ይጠቀማሉ? ይጾማሉ? ጫትስ? ጫቱን ስትጠይቅ ድምጿ «ቡና ይጠጣሉ?» ከማለት አይለይም ነበር። ፊቷን አላጨማደደችም። አርብ ከሰዓት በኋላ ከጓደኞቼ ጋር ትንሽ እንደምቅም ነገርኳት። ጻፈችው። ጫት ግፊትንም የልብ ምትንም ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍም ያባርራል፤ እኔ ደግሞ ለእንቅልፍና ለግፊት ነው መድኃኒት የምገዛው። ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር ነግራኝ አለፈች። ስብከት የለም። ስብከት ቢሆን ኖሮ አልሰማትም ነበር፤ ስብከቱ ቤቴም ሞልቷል።

ዋናው ነገር የሽንቱ ኪኒን ላይ ነበር። «ጋሼ፣ አብሽሩ፣ ሦስቱም አብረው ይወሰዳሉ» አለች። «ብዙ ሰው ይወስዳቸዋል። ግን ዓይን የሚፈልግ ነገር አለ።» እንዲህ አስረዳችኝ። የሽንቱ ኪኒን ውሃና ጨው ከሰውነት ያስወጣል። ፍሉኦክሰቲን ደግሞ አንዳንድ ሰው ላይ ሰውነት ውሃ እንዲይዝ ያደርጋል። እንዲህ ሲሆን ደም ውስጥ ያለው ሶዲየም፣ ማለትም ከጨው የሚገኘው ንጥረ ነገር፣ ይቀጥናል። ሁለቱ መድኃኒቶች ሲገናኙ ሶዲየሙ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። ልኩ በአንድ ሊትር ከ135 እስከ 145 ሚሊሞል ነው። ሲወርድ ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ያደክማል፣ ያንገዳግዳል፣ ሰው ግራ ይጋባል። በጣም ከወረደ አንቀጥቅጦ ይጥላል። ብዙ ጊዜ የሚመጣው አዲሱ መድኃኒት በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ዕድሜያቸው ከ65 በላይ የሆኑ ሰዎች፣ በተለይ ሴቶች፣ ላይ ይበዛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። እኛ አገር እናት አልጋዋን ስታጣ፣ የልጇን ስም ስትስት፣ ሽንት ቤት ስትሄድ ስትወድቅ «አርጅታለች» ይባላል። ይታለፋል። ያች እናት ከወር በፊት የድብርት ወይም የጭንቀት ኪኒን ጀምራ ከሆነ፣ የሽንት ኪኒንም የምትወስድ ከሆነ፣ ሳይውል ሳያድር ደሟን ማስመርመር ነው። እርጅና በአንድ ሳምንት አይመጣም።

«ታዲያ ጨው ልጨምር?» አልኳት። ሳቀች። «ኧረ በፍጹም! ግፊቱን ወደ ላይ ይወስድብዎታል። ችግሩ የሚበሉት ጨው ማነስ ሳይሆን በአብዛኛው የውሃው መብዛት ነው። እሱን የሚያስተካክለው ሐኪም ነው።» ውሃም ያለ ልክ እንዳልጠጣ ነገረችኝ።

ከዚያ ያልጠበቅኩትን አደረገች። ማዘዣው ላይ ያለውን ስልክ ደውላ ሐኪሙን አገኘችው። ግፊት እንዳለብኝ ያውቅ ነበር፤ የትኛውን ኪኒን እንደምወስድ ግን እሱ ጋ ያለው ወረቀት ላይ አልሰፈረም። ፍሉኦክሰቲኑ ይቀጥል አለ፤ ሶዲየሜ ሳልጀምር በፊት እንዲታይ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ እንዲደገም አዘዘ። በራሷ ምንም አልቀየረችም። ይህን የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። መድኃኒት አስቀይረው የሚልኩ ሰዎች አሉ፤ እሷ ከነሱ አይደለችም። ጠየቀች፣ ደወለች፣ ጻፈች። ውጤቴ ሁለቴም ልክ ወጣ።

ዲክሎፌናኩን ግን አስጣለችኝ። ምክንያቷ ሁለት ነው። ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ፤ የግፊት መድኃኒቱንም ያደክሙታል። ከፍሉኦክሰቲን ጋር ሲሆኑ ደግሞ ጨጓራ የመድማቱ ዕድል ይጨምራል። ሰገራዬ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ሳልውል ሳላድር ሐኪም ቤት እንድሄድ ነገረችኝ። ለወገቤ ፓራሲታሞል ሰጠችኝ። እንደ ዲክሎፌናክ አይደለም፤ እውነቱን ለመናገር ኮምቦልቻ ደርሼ ስመለስ ወገቤ አሁንም ይጮኻል። ትራማዶል የሚባለውን የሕመም ማስታገሻም ሰው ቢያቀብለኝ እንዳልነካ አስጠነቀቀችኝ። ከፍሉኦክሰቲን ጋር ሲገናኝ ሰውነት ሊንቀጠቀጥ፣ ሊያልብ፣ ሊያተኩስ፣ ሰውየው መረጋጋት ሊያቅተው ይችላል። መናኸሪያ ውስጥ ትራማዶል እንደ ማስቲካ ከኪስ ኪስ ሲዞር ስለማይ ይህ ምክር ለእኔ ብቻ አይመስለኝም።

የግፊት መድኃኒት ሁሉ አንድ እንዳልሆነም እዚያው ቆሜ ተማርኩ። አምሎዲፒን ከፍሉኦክሰቲን ጋር ብዙም አይጣላም። ሜቶፕሮሎል ቢሆን ኖሮ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ጉበት ሜቶፕሮሎልን የሚያጣራበትን መንገድ ፍሉኦክሰቲን ይዘጋዋል። ስለዚህ መድኃኒቱ ደም ውስጥ ይጠራቀማል፤ የልብ ምት ይቀዘቅዛል፤ ሰው ያዞረዋል፤ አንዳንዱም ይወድቃል። ፍሉኦክሰቲን ደግሞ ቢቆም እንኳ ለሳምንታት ከሰውነት አይወጣም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ሐኪሙ እንደ ሰርትራሊን ያለ ሌላ የድብርት መድኃኒት ሊመርጥ ይችላል፤ ወይም የግፊቱን ይቀይራል። አቴኖሎል የሚባለው የግፊት መድኃኒት በኩላሊት በኩል ስለሚወጣ ይህ ጣጣ የለበትም። አብሮኝ የሚሠራ ሹፌር ሜቶፕሮሎል ይወስዳል። ማታውኑ ነገርኩት።

«ሥራዎ ምንድን ነው?» ያለችኝም በከንቱ አልነበረም። አሚትሪፕቲሊን የሚባለውን ሌላ የድብርት መድኃኒት ማዘዣ ይዘው ቢመጡ ኖሮ መሪ ስለሚይዙ በጣም እጨነቅ ነበር አለችኝ። እሱ እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛል፤ ሰው ብድግ ሲል ግፊቱን ዝቅ ያደርገዋል፤ የግፊት መድኃኒት ሲታከልበት ይብሳል። የእኔው ቀለል ይላል፤ ቢሆንም ሰውነቴ እስኪለምደው መሪ እንዳልይዝ መከረችኝ። መኪናዋን ለሌላ ሹፌር ሰጥቼ ቤት ተቀመጥኩ። ገቢው ጎድቶኛል። ሐረጎ ላይ አስራ ምናምን ነፍስ ጭኖ ጭው ቢል ግን ምን ይደረጋል?

ግፊቴን የለካችበት መንገድ ደግሞ ለብቻው ሊመሰገን ይገባዋል። ወንበር ሰጠችኝ። ጀርባዬን አስደግፋ፣ እግሬን መሬት አስረግጣ፣ እጄን በልቤ ትክክል ጠረጴዛ ላይ አሳርፋ አምስት ደቂቃ ዝም አስባለችኝ። ዝም ማለቱ ከሁሉ ይከብዳል። የጃኬቴን እጅጌ እንድሰበስበው ሳይሆን እንዳወልቀው አደረገች፤ መጠቅለያው በባዶ ክንድ ላይ ነው የሚታሰረው። ክንዴ ወፍራም ስለሆነ ሰፊውን መጠቅለያ አመጣች። ጠባቡ ቁጥሩን ከልክ በላይ ያሳያል። ከዚያ አስቆመችኝና ደገመች። ቆመው በሦስት ደቂቃ ውስጥ የላይኛው በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ለሐኪም መንገር አለብዎት አለች። የእኔ ትንሽ ወርዶ ቆመ። ከአልጋ ስነሳ መጀመሪያ ቁጭ፣ ቀጥሎ ብድግ እንድል ነገረችኝ።

ለቤት የሚሆን መለኪያም ከእሷ ገዛሁ። የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር ርካሽ ነበር። እሷ ግን በክንድ የሚታሰረውን መረጠችልኝ። ለመጠቀም ቀላል ነው፤ ባትሪ ይበላል እንጂ። ቤት ውስጥ ከ135/85 በላይ እየደጋገመ ካሳየ ደብተሬን ይዤ ሐኪሜ ዘንድ እሄዳለሁ። ሐኪም ቤት መስፈሪያው 140/90 ነው፤ ቤት ውስጥ ሰው ስለሚረጋጋ መስመሩ ዝቅ ይላል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ።

ቤቷ ጠባብ ናት። ባንኮኒው ፊት አራት ሰው ከቆመ አምስተኛው ደጅ ነው። የምትነግረኝን ሁሉ ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ይሰማል። እንዴት አወቅክ ካላችሁ፣ እኔም የሰው ሰምቻለሁ። አንድ ቀን ከፊቴ የነበረች ሴት ከጅዳ የተላከላት የጭንቀት መድኃኒት ይዛ ነበር። ቬንላፋክሲን ነው። ግፊት አለብኝ ስትል ፋርማሲስቷ፣ ይህኛው መጠኑ ሲጨምር ራሱ ግፊት ከፍ ሊያደርግ እንደሚችል ነገረቻት። ሐኪም ሳያይሽ እንዳትጀምሪ፣ የጀመርሽ እንደሆነ ደግሞ ግፊትሽን ቶሎ ቶሎ ተለኪ አለቻት። ወርቅ የሆነ ምክር ነው። በተለይ ለእኛ፤ ወሎ ውስጥ ከአረብ አገር መድኃኒት የማይላክለት ሰፈር የለም። ግን እኔ ይህን መስማት ነበረብኝ? የሴትዮዋ ጉዳይ ነው። የአእምሮ መድኃኒት መውሰድ እንኳን በሰልፍ ፊት በሹክሹክታም የሚነገር ነገር አይደለም። ጥግ ላይ መጋረጃ ቢሰቀል፣ አንድ በርጩማ ቢጨመር ምን ይከብዳል? ለባለቤቱ በቃል ነግሬዋለሁ። «እናያለን» ብሏል። እስካሁን እያየ ነው።

ለፍትሕ ያህል፣ በጣም ስስ የሆነውን ጥያቄ የጠየቀችኝ ሰው ሲቀንስ ጠብቃ ነው። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ራሴን የመጉዳት ሐሳብ መጥቶብኝ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አይ አልኳት። መድኃኒቱ ሲጀመር እረፍት የሚነሳ ስሜት ወይም እንዲህ ያለ ሐሳብ ቢመጣ ቀጠሮ ሳልጠብቅ ወደ ሐኪሙ እንድሄድ፣ ለባለቤቴም እንድነግራት አሳሰበችኝ። በተለይ ወጣቶች ላይ ይህ መታየት አለበት አለች።

ዋጋቸው ከሌላው ትንሽ ይወደዳል። አንዳንድ ጊዜ ፍሉኦክሰቲን ያልቅባቸዋል፤ ሲያልቅ ግን ስልክሽን፣ ስልክህን ተቀብለው ሲገባ ይደውላሉ። ሳያልቅብህ ሳምንት ሲቀርህ ና ብለውኛል፤ ይህን መድኃኒት ድንገት መቁረጥ አይመከርምና። የግፊቱንም ቁጥሩ አማረ ብሎ መተው የለም።

ፖስታው ላይ የሚጽፉት በአማርኛ ነው፤ ጽሑፉም ይነበባል። ማንበብ ለማይችሉ ፀሐይና ጨረቃ ይሥላሉ። ለምን በሽታ እንደሆነ ግን ፖስታው ላይ አይጽፉም። ይህን ወድጄዋለሁ፤ ረዳቴ ጋቢና ውስጥ የማይከፍተው ነገር የለም።

ረመዳን ሲቃረብም ሄጄ አማክሬአታለሁ። ከሐኪሜ ጋር ተነጋግረን ፍሉኦክሰቲኑ ሱሁር ላይ፣ የሽንቱ ኪኒን ደግሞ ካፈጠርኩ በኋላ ሆነ። ሱሁር ላይ የሚያሸና ነገር ውጦ ቀኑን ሙሉ ያለ ውሃ መዋል፣ ያውም ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ፣ አይሆንም። ጎረቤቴ እትዬ ደግሞ ለሁዳዴ ጾም እንዲሁ ጠይቀው ሰዓታቸውን አስተካክላላቸዋለች። ሁለቱንም ጾም ታውቀዋለች፤ የደሴ ልጅ አይደለች?

መድኃኒቱስ ሠራ? ሠርቷል። ወዲያው አይደለም። መጀመሪያ አቅለሸለሸኝ፣ እንቅልፌም ባሰበት። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ታገሱ ተብዬ ነበርና ታገስኩ። አሁን መናኸሪያ ላይ ተመልሼ ወሬ ማሞቅ ጀምሬአለሁ። ግፊቴም ደህና ነው።

ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቻታለሁ። አንዱን ያስቀረሁት ለመጋረጃው ነው። መሄድ የምትፈልጉ የምትወስዱትን ሁሉ፣ የወገቡንም የባህሉንም፣ እንዳለ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። እሷ የምትገኘው ጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ የሚቆመው ልጅ ጨዋ ነው፣ ዕውቀቱም አለው፤ ግን ካልጠየቁት አይናገርም። ሰኞ ደግሞ ገበያ ስለሆነ ከገጠር የሚመጣው ሰው ይበዛል፤ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ፣ ከ3 ሰዓት በፊት ከደረሳችሁ አረፍ ብላችሁ ታወሯታላችሁ።